55 ንብርብር፣ አራት መልስ፦ የኮምብ ግረናል ድንጋዮች ጉዳይ

ለምን ይህ ጉዳይ

ኒያንደርታሎች የሚባሉት የጥንት የሰው ዘመዶች የድንጋይ መሣሪያ አሠራራቸውን በጊዜ ብዛት ለወጡት ወይስ እንደጀመሩት ጨረሱት? ብዙ ሰው መልሱ ምላሱ ላይ ነው። «ምኑ ይለወጣል፣ ያው ድንጋይ ነው» ይላል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቦታ ነው።

ቦታው ኮምብ ግረናል ይባላል። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ውስጥ፣ ዶም ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለ ጣሪያው የተደረመሰ ዋሻ ነው። ከዚህ የወጣው ድንጋይ ሊቃውንቱን ለአሥርት ዓመታት አነታርኳል። ድንጋዩ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ መልሱ አራት ጊዜ ተቀያየረ። ትምህርቱም ያለው እዚህ መቀያየር ላይ ስለሆነ ከመነሻው ልጀምር።

የተመራማሪዎቹን ስም አልጠራም። ፈረንሳዊው፣ አሜሪካዊው፣ እንግሊዛዊው እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ቁፋሮው

ፈረንሳዊው ከ1953 እስከ 1965 ቆፈረ። 13 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ደለል ውስጥ 64 ንብርብሮች ለየ። ታችኞቹ 9 የአሹሊያን፣ ማለትም የቆየው የእጅ መጥረቢያ ዘመን ናቸው። ከእነሱ በላይ ያሉት 55 ሙስቴሪያን የሚባለውን የኒያንደርታሎች አሠራር ይዘዋል። ስሙ የመጣው እዚያው ዶርዶኝ ውስጥ ካለውና «ለ ሙስቲዬ» ከሚባለው ቦታ ነው። ላይኞቹ ንብርብሮች ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት የተቀመጡ ናቸው፤ ታችኞቹ ደግሞ ከ100,000 ዓመት ይዘላሉ።

በዚህ መሀል አየሩ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። ሞቅ ሲል አካባቢው ደን ይለብስና የሚታደነው በአብዛኛው ቀይ አጋዘን ይሆናል። ብርዱ ሲጠና ዛፉ ይሳሳል፤ ሬንዲር የሚባለው የብርድ አገር አጋዘን ይመጣል። አጥንቱ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ተቀብሯል።

ስለ ፈረንሳዊው ትንሽ ልበል። ባልጩት እየሰበረ መሣሪያ መሥራት የሚችል ሰው ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ምን እንደሚሆን በእጁ ያውቀዋል። በብዕር ስም ደግሞ የሳይንስ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ከሱ በፊት የነበሩ ብዙ ቆፋሪዎች ያማረውን መርጠው የቀረውን እዚያው ይጥሉት ነበር። እሱ ስንጣሪውንም ስባሪውንም ሰበሰበ። ኋላ የመጡት ሊከራከሩት የቻሉት እሱ ይህን ሁሉ በማስቀመጡ ነው።

ችግሩ

ከሺህ በላይ ሺህ ድንጋይ ሲከመርብህ መጀመሪያ የምታደርገው መለየት ነው። ፈረንሳዊው የ63 ዓይነት መሣሪያዎች ዝርዝር አወጣ። ከ63ቱ 20 ያህሉ መፋቂያዎች ናቸው። መፋቂያ ስል የጥርሱን አይደለም። ቆዳ ወይም እንጨት የሚፋቅበት፣ ጠርዙ በጥቃቅን ምት የተሳለ ስንጣሪ ነው። አንድ ጠርዙ የተሳለ አለ፣ ሁለት ጠርዙ የተሳለ አለ፣ ሁለቱ ጠርዞች ጫፍ ላይ የሚገናኙ አለ፣ በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ የተሳለ አለ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ወይም የቆለመመ ከሆነም ሌላ ቁጥር ያገኛል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ የትኛው ዓይነት ስንት በመቶ እንደሆነ ቆጥሮ በግራፍ አሰፈረው። መስመሮቹ በአምስት ጎራ ገቡ። ወፋፍራም መፋቂያ የበዛበት «ኪና» ተባለ። መፋቂያ በዝቶ ስንጣሪው ግን ሳሳ ያለ ሲሆን «ፌራሲ»። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የወጣለት የሚበዛበት አለ። ትንንሽ የእጅ መጥረቢያ ያለበት አለ። አምስተኛው ከሁሉም የተቀላቀለ ነው፤ «ተራ» ብንለው ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ችግሩ መጣ። አሠራሩ በጊዜ እየተሻሻለ ከሄደ ታችኛው ንብርብር ያልረቀቀ፣ ላይኛው ደግሞ የረቀቀ መሆን ነበረበት። ኮምብ ግረናል ላይ እንደዛ አይደለም። አንዱ ጎራ ለተወሰኑ ንብርብሮች ይቆያል፣ ሌላው ይተካዋል፣ «ተራው» ጠፍቶ ተመልሶ ብቅ ይላል። ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል የለም። ባለበት የቆመ ነገርም የለም። ታዲያ ይህ መፈራረቅ ምንድን ነው?

አንደኛው መልስ፦ ጎሳ ነው

ፈረንሳዊው አምስቱ ጎራዎች አምስት ሕዝቦች ናቸው አለ። እያንዳንዱ የአባቱን ወግ ይዞ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ጎን ለጎን ኖሯል፤ አንዱ ዋሻውን ሲለቅ ሌላው ይገባል። ለጆሮ ይጥማል። እኛም የሸክላና የሽመና ሥራን አይተን የየት አገር እንደሆነ እንገምት የለ?

ግን አንድ ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። አንድ ትንሽ አገር ውስጥ አምስት ሕዝብ ለአሥር ሺዎች ዓመታት ሲጎራበት እንዴት አንዱ ከሌላው አልተማረም? እንዴት አልተጋባም? ፈረንሳዊው የሕዝቡ ቁጥር ትንሽ ስለነበር እምብዛም አይገናኙም ብሎ መለሰ። ብዙ ሰው አልረካም።

ሁለተኛው መልስ፦ ሥራ ነው

በ1966 አንድ አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ፋክተር አናሊሲስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ዘዴ ተጠቅመው ከሶሪያ፣ ከእስራኤልና ከፈረንሳይ በወጡ ድንጋዮች ላይ የትኞቹ መሣሪያዎች አብረው እንደሚገኙ ፈለጉ። ሐሳባቸው ቀላል ነው። የአንድ ቤት ጓዳ ውስጥ ያለው ዕቃና ጋራዡ ውስጥ ያለው ዕቃ ይለያያል። ሁለት ጎሳ ይኖርበታል የሚል ግን የለም። ስለዚህ አምስቱ ጎራዎች የአንድ ሕዝብ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እዚህ ታርዷል፣ እዚያ ቆዳ ተፍቋል፣ እዚህ እንጨት ተጠርቧል።

ሐሳቡ በወቅቱ ወጣቱን ሁሉ ማረከ። እኔ ግን ይህን ሰው የማደንቀው ቀጥሎ ባደረገው ነው። በ1968 ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ሄዶ የኮምብ ግረናልን ድንጋይና አጥንት ንብርብር በንብርብር መመዝገብ ያዘ። ሐሳቡ ልክ ከሆነ የተወሰኑ መሣሪያዎች ከተወሰኑ እንስሳትና ከተወሰኑ የሥጋ ክፍሎች ጋር ሄደው መገኘት አለባቸው። ቁጥሩ እንደዛ አልገጠመለትም። አንዱ መሣሪያ ከሁሉም አጥንት ጋር ይገኛል፤ አንዱ አጥንት ከሁሉም መሣሪያ ጋር።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን እስኪገጥም ያገላብጠው ነበር። እሱ ሻንጣውን ይዞ አላስካ ሄደ። ኑናሚዩት የሚባሉ፣ ከሬንዲሩ ወገን የሆነውን ካሪቡ የሚያድኑ ሰዎች ጋር እየተመላለሰ ቆየ። እዚያ ያየው የገዛ ሐሳቡን ሰነጠቀው። ሰዎቹ ጥሩ መሣሪያቸውን ሥራው ቦታ ጥለው አይሄዱም። ይዘውት ይመለሳሉ፣ ሰፈር ተቀምጠው ይጠግኑታል፣ ሲያልቅ እዚያው ይጥሉታል። ስለዚህ መሣሪያ የተገኘበት ቦታ ሁሉ የተሠራበት ቦታ አይደለም።

በ1980ዎቹ ደግሞ የሙስቴሪያን ድንጋዮች ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ታየ። የመሣሪያው ዓይነትና የተሠራበት ሥራ አንድ ለአንድ አልገጠሙም። ብዙው አሻራ የእንጨት ሥራ ነው። «መፋቂያ» ያልነው እንጨት ሲጠርብ ከርሟል።

ሦስተኛው መልስ፦ ጊዜ ነው

እንግሊዛዊው አጭር ነገር ነው የተናገረው፤ 1965 ላይ። ጎራዎቹ በዘፈቀደ አይፈራረቁም፤ ከላይ ወደ ታች ያለውን ቅደም ተከተል እዩ አለ። ፌራሲና ኪና አንድ ዋሻ ውስጥ ሲገኙ ፌራሲ ከታች፣ ኪና ከላይ ነው። ትንንሽ የእጅ መጥረቢያ ያለው ጎራ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይመጣል። ኮምብ ግረናልም ላይ ተራው ይኸው ነው።

ብዙ ሰሚ አላገኘም። ማረጋገጫ ዕድሜ አልነበረውማ። ራዲዮካርበን የሚባለው የዕድሜ መለኪያ 50,000 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ያልቅበታል። እሳት የነካውን ባልጩት በቴርሞሉሚነሰንስ፣ ማለትም ድንጋዩ ከተቃጠለ ስንት ዓመት እንደሆነው በሚያሳይ ዘዴ፣ መለካት ሲጀመር ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። በ1986 የለ ሙስቲዬ ውጤት ወጣ፤ ንብርብሮቹ ከ56,000 እስከ 40,000 ዓመት ባለው ውስጥ ወደቁ። መጥረቢያ ያለው ጎራ በእርግጥም ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። ሰውየው ከ20 ዓመት በላይ ጠብቋል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ሐሳቡ የሚያስረዳው ከአምስቱ ሦስቱን ነው። «ተራው»ና ጥርሳሙ በዚህ ተራ አይገቡም።

አራተኛው መልስ፦ ሞረድ ነው

እናትህ ቤት ያለውን አሮጌ ቢላ አስበው። ሲገዛ ሰፊ ነበር። በሞረድ በተሳለ ቁጥር እየጠበበ ሄዶ አሁን ጣት አክሏል። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነዚህ ሁለት ዓይነት ቢላዎች ናቸው» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትለዋለህ?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሌላ አሜሪካዊ ያለው ይህንኑ ነው። አንድ ጠርዝ የተሳለለት መፋቂያ ሲደንዝ ሁለተኛው ጠርዝ ይሳላል። ሁለቱ ሲደጋገሙ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ወይም አንዱ ጠርዝ እየተበላ ይሄድና አግድም መፋቂያ ይመስላል። ፈረንሳዊው አራት ቁጥር የሰጠው የአንድ ዕቃ አራት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይን ሲታይ መፋቂያ የበዛበት ንብርብር ማለት ሰዎቹ ብዙ የቆዩበት፣ ወይም ጥሩ ባልጩት የቸገረበት ጊዜ ነው። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላይ የተደረገው የድንጋይ ምንጭ ጥናትም ይህን ደገፈው። አብዛኛው ባልጩት ከጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ የመጣ ነው። ከሩቅ የመጣው ጥቂት ሲሆን በብዛት የሚገኘው ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ሆኖ ነው።

ይህ መልስ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኮንሶና ጋሞ፣ ድንጋይ ሰብረው እጀታ ላይ አድርገው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎችን ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየተቀመጡ አጥንተዋል። ኮንሶ ላይ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ «ድንጋይ የሚሰብረው ወንድ ነው» የሚለውን የቆየ ግምት አስተዛዝበውታል። (የእኛ ከተማ ሰው «ፋቂ» የሚለውን ቃል ለስድብ ማዋሉ ግን ያሳፍራል። ዓለም ሊማርባቸው የመጣው ሰዎች ናቸው።) ፋቂዋ ትፍቃለች፣ ጠርዙ ሲደንዝ መታ መታ አድርጋ ታድሰዋለች፣ እንደገና ትፍቃለች። እያነሰና ቅርጹን እየቀየረ ሄዶ መያዝ ሲያቅት ትጥለዋለች። አርኪኦሎጂስት መሬት ላይ የሚያገኘው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ደግሞ ሥራው ዝምድናን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ጋሞ ላይ ልጅ ከአባቱ ይማራል፤ የእጀታው ዓይነትም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ስለዚህ ፈረንሳዊው ወግ ይወረሳል ማለቱ ከንቱ አልነበረም። የተሳሳተው ወጉን የፈለገበት ቦታ ላይ ነው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

የ63ቱ ዝርዝር ሠርቷልም አልሠራምም። ለሁሉም አንድ ቋንቋ ስለሰጠ ሰው ከሰው ሊነጋገር ቻለ። ግን የቆጠረው የተጣለውን ቅርጽ ነው፤ የዕቃውን የመጨረሻ ደቂቃ። ስለ አሠራሩ ሲጠየቅ ብዙ አይናገርም።

የጥርሳሙ ጎራ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ስንጣሪ መሬት ላይ ተበትኖ ሰው ቢረግጠው ጠርዙ ይሸራረፋል። ተመራማሪዎች ራሳቸው እየተራመዱበት ሞክረውታል፤ «መሣሪያ» የሚመስል ጥርስ ወጣለት። ጥርሳም ሁሉ በእግር የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ግን ከመቁጠር በፊት መጠርጠር ነበረበት።

የሞረዱ መልስም ሁሉን አልዘጋም። የኪና ስንጣሪ ወፍራም የሆነው ደጋግሞ ስለተሞረደ አይደለም። ከመጀመሪያው ወፍራም ተደርጎ ነው የተመታው። እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ ተቀየረ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተጣለውን ቅርጽ ትተው ስንጣሪው ከእናት ድንጋዩ እንዴት እንደወጣ ማየት ያዙ።

ልዩነቱን በቅርብ እንየው። ሌቫልዋ በሚባለው አሠራር ባለሙያው እናት ድንጋዩን ዙሪያውን እየቀረጸ የኤሊ ጀርባ ያስመስለዋል። ብዙ ምት ነው፣ ብዙ ትዕግሥት። መጨረሻ ላይ አንድ ምት፤ ሰፊና ስስ ስንጣሪ ይወጣል። ጠርዙ ዙሪያውን ስለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታደሰ ግን አለቀ። ኪና ሌላ ነው። ድንጋዩን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሱታል። እያንዳንዱ ቁራሽ ወፍራም ነው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ጎኑ ላይ የድንጋዩ ቅርፊት ይቀራል፤ እጅ የሚይዘው እሱን ነው። ስለቱ በጣም አይመቸኝም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ሲታደስ ግን አይጠገብም። ሲታደስ የሚረግፈው ስንጣሪ ራሱ አንዳንዴ ተመልሶ መሣሪያ ይሆናል። ለማደሻነትም የአጥንት ስባሪ ይጠቀሙ ነበር።

አሁን ይህን ከአጥንቱና ከዕድሜው ጋር አስቀምጠው። ኪና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከ70,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው ብርዳማ ዘመን ጋር፣ ከሬንዲር ጋር ይሄዳል። ብዙ የሚንቀሳቀስ መንጋ የሚከተል ሰው ኪሱ ውስጥ የሚይዘው ዕቃ ደጋግሞ የሚሳል ቢሆን ይመርጣል። ከዚያ በፊት ሌቫልዋ ይበዛል። ከኪና በኋላ ደግሞ ሌሎች ዘዴዎችና ትንንሾቹ የእጅ መጥረቢያዎች ይመጣሉ።

ስለዚህ ተለውጠዋል። መሰላሉን የሚፈልግ ሰው ግን አሁንም አያገኘውም። ኪና የመጣው ከሌቫልዋ በኋላ ነው፤ ከረቀቀው ወደ ቀለለው የሚመስል አካሄድ ነው። ከኮምብ ግረናል ብዙም የማይርቁት ሮክ ደ ማርሳልና ፔሽ ደ ላዜ 4 የሚባሉ ቦታዎች ላይ ደግሞ የእሳት ምልክት የሚበዛው ሞቃታማዎቹ ታችኛ ንብርብሮች ውስጥ ነው። ብርዱ ሲመጣ እሳቱ ቀነሰ! ይህን መጀመሪያ ሳነብ የታተመው ተገልብጦ መስሎኝ ነበር።

«ዘመናዊው ሰውስ?» ለሚል፣ ዝዋይ አጠገብ ያለውን ጋዴሞታን ልጥቀስ። ከ276,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ ሌቫልዋን በኦብሲዲያን፣ ማለትም እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሠሩት የእኛው ወገኖች እንደሆኑ ይገመታል። እነሱም ያንኑ ዘዴ እጅግ ለረዥም ጊዜ ይዘውት ቆይተዋል። አንድን ነገር አለመለወጥ የኒያንደርታል በሽታ ነው የሚል ሰው እዚያ ቢሄድ ይቸግረዋል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

አርኪኦሎጂ ለሚማር፣ ወይም በማንኛውም ሥራው ነገሮችን በዓይነት እየለየ ለሚቆጥር ሰው፣ ከዚህ ጉዳይ ሦስት ነገር እወስዳለሁ።

ዝርዝሩን ከመቁጠር በፊት ዝርዝሩ ምን እንደሚለካ መጠየቅ። የፈረንሳዊው ስሌት ስህተት አልነበረበትም። በመቶኛው ልክ ነው፣ ግራፉ ልክ ነው። የተለካው ነገር ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር አልተገናኘም እንጂ።

ሁለተኛው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሐሳብህ የሚወድቅበትን ቦታ ራስህ ሂድበት። አሜሪካዊው ቦርዶ ባይሄድ ኖሮ የ1966ቱ ጽሑፉ እስከ ዛሬ እየተጨበጨበለት ይኖር ነበር። ሄደ፣ ወደቀ፣ ከወደቀበት ተነስቶ አላስካ ሄደ። ዛሬ ስለ መሣሪያ ይዞ መዞር የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ ውድቀት ነው የወጣው።

ሦስተኛው የሣጥን ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉንና ቆሻሻውን ያስቀመጠ ሰው ትርጉሙን ቢስት እንኳ ሌላው ያርመዋል። ያማረውን ብቻ መርጦ ያስቀመጠ ግን ትርጉሙም ማስረጃውም አብሮ ነው የሚጠፋበት።

ኮምብ ግረናል ራሱ አልተዘጋም። በ2014 አዲስ ቡድን ዋሻውን መልሶ ከፍቶ መቆፈር ጀምሯል። አሁን ጥያቄ ውስጥ ያሉት በንብርብርና በንብርብር መሀል ፈረንሳዊው ያሰመራቸው መስመሮች ናቸው።